የቀትሩ ጸሎት መስመር

የክርስቶስ ደቀ መዝሙርነት በሩቅ ላሉ ብዙዎች በሚሰማ ድምፅ አይለካም። እያንዳንዳችን እጃችንን ብንዘረጋ የምንነካው አንድ ሰው አለን፤ ለዚያ ሰው ባደረግነው፣ ወይም ማድረግ ሲገባን በተውነው ይለካል። ይህን የማያውቅ አማኝ የለም። ነገር ግን በማወቅና በመታዘዝ መካከል ክፍተት አለ፤ ክፍተቱም ሰው የሚሞትበትን ያህል ሰፊ ነው። የልዑልሰገድ ታሪክ ይህን ያስረዳል።

ልዑልሰገድ በአሜሪካ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ነዋሪ ነበር። በዲቪ ከገባ በኋላ በመኪና ማቆሚያም፣ በአየር ማረፊያም ሠርቶ፣ በመጨረሻ ሕሙማንን ከቤታቸው ወደ ሕክምና በሚያመላልስ ድርጅት ተቀጠረና ሚኒቫን ይነዳ ጀመር። ሰው ሥራውን ቢያቃልልበት እሱ አያቃልለውም፤ ጌታ የሰጠኝ መስክ ነው ይል ነበር። ከልቡ ይጸልያል፤ ቃሉን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የታመመ ይጠይቃል። ግብዝ ነበር ብሎ መደምደም ይቀላል፤ እውነቱ ግን እሱ አይደለም። ልዑልሰገድን የጣለው ሌላ ነገር ነው። የሚሰሙት ሰዎች እየበዙ በሄዱ መጠን የሚያያቸው ሰዎች እያነሱበት ሄዱ።

የሚሰሙት በስልክ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ቀትር ላይ የሚከፈት የጸሎት መስመር አላት። ምእመኑ አንድ ቁጥር ይደውላል፤ በግሪንቤልት አፓርታማዋ ልጅ የምታጠባ እናት፣ በስካይላይን ፎቅ ላይ ሽማግሌ የምትንከባከብ እህት፣ በአየር ማረፊያ ተራ የሚጠብቅ ባለታክሲ፣ ሁሉም በየጆሮ ማዳመጫቸው በአንድ ድምፅ ሥር ይሰበሰባሉ። ድምፁ የልዑልሰገድ ነበር። ሞገስ ያለው፣ ረጋ ብሎ የሚጀምር፣ ሲግል ግን ሰሚውን ባለበት የሚያንበረክክ ድምፅ ነው።

መጀመሪያ ላይ መስመሩ ለሁሉም ክፍት ነበር። አንድ ቀን በንስሐ ጸሎት መካከል አንዲት እህት የስልኳን ድምፅ መዝጋት ረስታ፣ «ሚጣ! ሽንኩርቱ አረረ እኮ፣ እሳቱን ቀንሺ!» ስትል ተሰማች። በሌላ ቀን ደግሞ አንድ ወንድም «አሜን» እያለ በመሃሉ ከመካኒክ ጋር ስለ ፍሬን ይከራከር ነበር። ሕዝቡ ሳቀ። ልዑልሰገድ ግን አልሳቀም። በዚያው ሳምንት ከመሪው በቀር የሁሉንም ድምፅ ዘጋ፤ አብሮት ያገለግል የነበረው ወንድም የያዘውንም የመሪነት ኮድ ለወጠ። ከእንግዲህ መስመሩን መክፈትም መዝጋትም የሚችለው እሱ ብቻ ሆነ። ሥርዓት ያስያዘ መስሎት ነበር።

በመኪናው ከሚያመላልሳቸው ሕሙማን አንዷ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ናቸው። ኩላሊታቸው ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን ይታጠባል። ቀድሞ ከልጃቸው ጋር አሌክሳንድሪያ ይኖሩ ነበር፤ ልጃቸው ባሏን ተከትላ ቴክሳስ ስትሄድ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የአረጋውያን ሕንፃ ክፍል አገኙ። ክሊኒካቸውን ግን አልቀየሩም። አሌክሳንድሪያ ሉባባ የምትባል አማርኛ ተናጋሪ ነርስ አለች፤ እሳቸውም «መርፌውን በቋንቋዬ ካልወጋችኝ ያመኛል» ይሉ ነበር። ስለዚህ ልዑልሰገድ ሲመለሱ በቤልትዌይ፣ ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ረጅሙን መንገድ ይዟቸው ይሄዳል። የመመለሻቸው ሰዓት ከቀትሩ ጸሎት ጋር አንድ ነበር።

በበልጉ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ቀን፣ ልዑልሰገድ በጆሮ ማዳመጫው እየመራ ሳለ፣ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከኋላ መቀመጫ፣ «ልጄ፣ ሊያስመልሰኝ ነው፤ እባክህ ቁምልኝ» አሉ። ልዑልሰገድ ጣቱን አንሥቶ ዝም እንዲሉ አመለከታቸው። መቆሚያም አልፈለገ። እሳቸው በገዛ ሻርፓቸው ላይ አስመለሱና አጣጥፈው ጭናቸው ላይ ያዙት። ጸሎቱ ሲያበቃ በትሕትና ድምፅ ገሠጻቸው።

«እማማ፣ በጸሎት ላይ ያለ ሰው አይቋረጥም። ስንት ነፍስ እየሰማ መሰለዎት?»

«ይቅር በለኝ ልጄ፣ ቸገረኝና ነው። ሁለተኛ አይለመደኝም።»

ይህን የሰማች አስፐን ሂል የምትኖረው ወዳጃቸው ውባንቺ ናት። ውባንቺ ራሷም የመስመሩ ተካፋይ ነበረች፤ አንድም ቀን አትቀርም። ሆኖም ምላሷ ስለት ነው።

«እኔ ብሆን በጫማዬ ነበር የምለው!» አለች። «መኪናውን ለመላእክት ትቶ ነው እንዴ የሚነዳው?»

«ተይ አንቺ፣ የጌታ ሰው ነው።»

«የጌታ ሰውማ ቢሆን ጌታ ሲቆም አይቶ ይቆም ነበር። ጌታ ለታመመ የማይቆምበት መንገድ የት ነው ያለው?»

«በይ ዝም በይ፣ ኃጢአት እንዳይሆንብሽ» አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ። እሳቸው በጸሎት መሃል መናገር ነውር መሆኑን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ፤ የሚጸልይ ሰው ፊት አይታለፍም፤ ድምፅም አይሰማም ተብለው ነው ያደጉት። ስለዚህ የተገሠጹት በትክክል እንደ ሆነ አመኑ። ከዚያ በኋላ መስመሩ ሲከፈት አፋቸውን ይዘጋሉ።

ውባንቺ ግን ዝም አላለችም፤ ለፓስተር ገብረየስ ነገረች። ፓስተሩም ለልዑልሰገድ ደወሉለት። ከትንሣኤ በኋላ እጅ ተጭኖበት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሊሆን ስሙ በጉባኤ የተነበበበት ወቅት ነበር።

«ልዑልዬ፣ መስመሩን እየነዳህ ነው የምትመራው አሉኝ።»

«እጄ መሪው ላይ ነው ፓስተር። በጆሮ ማዳመጫ ነው።»

«ስለ እጅህ አልጠየቅሁህም» አሉት። «ከመሾምህ በፊት ይህን አስተካክል። ወይ መኪናህን አቁመህ ምራ፣ ወይ ለሌላ ወንድም ስጥ። ሕመምተኛ ይዘህ ነው እኮ!»

«እሺ ፓስተር።»

እሺ ሲል ከልቡ ነበር። ሆኖም በዚያ ሰሞን «ደቀ መዝሙርነት በዕለት ኑሮ» የሚል ተከታታይ ትምህርት ይዞ ነበርና፣ እሱን ሳልጨርስ ለሌላ ብሰጠው ሕዝቡ ይበተናል ብሎ አሰበ። ትምህርቱ ሲያልቅ አቆማለሁ አለ። መታዘዝን ለነገ ያሳደረ ሰው እምቢ ካለው ሰው ይልቅ ሰላም ይሰማዋል፤ ክፋቱም ይኸው ነው።

ያ ረቡዕ ሰማዩ እስከ ጣሪያው የወረደ፣ ዝናብም ፀሐይም ያልሆነ ቀን ነበር። ልዑልሰገድ ክሊኒኩ ሲደርስ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ገና ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሉባባ መርፌው ከወጣበት የክንዳቸው ቦታ ላይ በቁስል መሸፈኛ ጎዝ ጫን ብላ ይዛለች።

«ጋሼ ልዑል፣ እማማ ዛሬ ትንሽ ይቀመጡ» አለችው። «ደሙ ቶሎ አልቆም አላቸው። ደም ማቅጠኛም ይወስዳሉ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስኪረጋላቸው ነዋ። ግማሽ ሰዓት በለው።»

ልዑልሰገድ ሰዓቱን አየ። «ሉባባ፣ ቀትር ላይ እኮ ሕዝብ ይጠብቀኛል።»

«የምን ሕዝብ? እኔ የሚጠብቁህን እማማን ብቻ ነው የማየው።»

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ተጨነቁ። በእሳቸው ምክንያት ጸሎት ሊታጎል ነው። «ሉቢዬ፣ ተይው በቃ፤ ቆሟል እኮ። እዪው፣ ነጭ ነው» አሉና ክንዳቸውን አሳዩዋት። እውነትም ጎዙ ነጭ ነበር። ሉባባ ሌላ ጎዝ ደርባ አሰረችው፤ አልተዋጠላትም፤ ነገር ግን በግድ የምታስቀምጥበት ሥልጣን አልነበራትም። መኪናው ድረስ ተከትላ ቀበቷቸውን አሰረች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የሰጧቸውን ጥቁር ቀይ ብርድ ልብስ አለበሰቻቸውና የታመመውን ክንዳቸውን ከላዩ አወጣችው።

«ክንድዎ ውጭ ይሁን እማማ። ጋሼ በመስታወት ያየዋል።»

«ይበርደኛል እኮ ልጄ።»

«ይብረድዎት።» ከዚያ ወደ ሾፌሩ መስኮት ዞረች። «ቀይ ነገር ካየህ ወዲያው አቁም፤ በጣትህ ጫንና 911 ደውል። ይኼ ለማሽኑ ተብሎ የተሠራ ደም ስር እንደ ሌላው አይደለም፤ ከተከፈተ ጊዜ አይሰጥም።»

«ተምሬዋለሁ ሉባባ።»

«እንግዲያው አድርገው» አለችና መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ድረስ ቆማ አየችው።

ልዑልሰገድ ቤልትዌይ ሲገባ መስመሩን ከፈተ። ትልቁን ድልድይ ሲሻገር የፖቶማክ ወንዝ ውኃ ከሥሩ እንደ እርሳስ ከብዶ ተኝቶ ነበር። «ሰላም ለእናንተ ይሁን ቅዱሳን» አለ፤ በስልኩ ሰሌዳ ላይ የገቡትን ሰዎች ቁጥር አየ፤ እንደዚያ ቀን በዝቶ አያውቅም። ልቡ ሞቀ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ በርዷቸው ክንዳቸውን ወደ ብርድ ልብሱ ውስጥ መልሰውታል። ሊነግራቸው አሰበ፤ ነገር ግን የመክፈቻውን ጸሎት ጀምሮ ነበር።

«ቅዱሳን፣» አለ ከጸሎቱ በኋላ፣ «ደቀ መዝሙር ማለት ድምፅ የሚለይ ሰው ነው። ጌታው ሲጠራው፣ ባለበት፣ በሥራው መካከል፣ የያዘውን ጥሎ የሚነሣ ነው።»

«ልጄ» አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ።

ሰማቸው። ከእንግዲህ ላይናገሩ ቃል ገብተው እንደ ነበር ትዝ ይላቸዋል ብሎ ጠበቀ። እውነትም ጥቂት ዝም አሉ። መኪናዎች በግራና በቀኝ ያልፋሉ። ሜሪላንድ ገብተዋል።

«ጌታ የሚጠራን ግን ሁልጊዜ በነጎድጓድ አይደለም...»

«ልጄ... እጄ ሞቀኝ።»

ልዑልሰገድ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ጣቱን ወደ መስታወቱ አነሣ። ጣቱ በመስታወቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ አዩት።

«እሺ» አሉ።

ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

ስልኩ በመስመሩ መካከል ብርሃን ሰጠ፤ ሌላ ሰው እየደወለ ነው። የውባንቺ ስም ነበር። የጸሎት ርዕስ ልታስይዝ ነው ብሎ ጥሪውን ዘጋው። ወዲያው እንደገና ደወለች፤ እንደገና ዘጋው። ሥርዓት የማታውቅ ሴት ናት ሲል በልቡ ተበሳጨ። ጥቂት ቆይቶ የፓስተር ገብረየስ ስም ታየ። የልዑልሰገድ ጣት ለአፍታ በስልኩ ላይ ቆመ። ፓስተሩም እየሰሙ ነው ማለት ነው። ቃሉ ነክቷቸው ይሆናል፤ ከዚህ በፊትም በትምህርት መካከል ደውለው «ጌታ ይባርክህ» ብለውት ያውቃሉ። ሕዝቡን አቋርጬ ምስጋና አልቀበልም አለና የእሳቸውንም ዘጋው። ይህን ሲያደርግ ትሕትና መሰለው።

መኪናው ውስጥ የሆነ ሽታ ነበረ፤ እንደ ዝገት ብረት ያለ። የማሞቂያው ነው ብሎ ቀነሰው።

የግሪንቤልትን መውጫ ሲያልፉ እንደገና በመስታወቱ አየ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ራሳቸውን ወደ መስኮቱ አስደግፈዋል። ዓይናቸው ገርበብ ብሏል፤ ከንፈራቸው ጥቂት ይንቀሳቀሳል። ፊታቸው ነጥቷል፤ እሱ ግን የበራ መሰለው።

«ቅዱሳን፣» አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «አሁን ከኋላዬ አንዲት እናት አሉ። መንፈስ ነክቷቸው፣ ከዚህ ዓለም ጩኸት ተለይተው፣ በጸጥታ ከጌታ ጋር ናቸው። እስቲ እኛም እንደ እሳቸው ዝም እንበል።»

መስመሩም ዝም አለ። የሁሉም ድምፅ ተዘግቷልና ዝም ከማለት በቀር ምንም ሊያደርግ የሚችል አልነበረም። ልዑልሰገድ እንደዚያ ያለ ጥልቅ ጸጥታ መርቶ አያውቅም። ድጋሚ በመስታወቱ ሲያይ የወይዘሮ የሻሽወርቅ ከንፈር መንቀሳቀሱን አቁሟል።

በጆርጂያ ጎዳና መውጫ ወጥቶ ወደ አረጋውያኑ ሕንፃ ሲታጠፍ በበሩ ላይ አምቡላንስ ቆሞ አየ፤ ቀይ መብራቱ በመስኮቶቹ ሁሉ ላይ ይዞራል። ሁለት ፖሊሶች መንገዱን እያዩ ቆመዋል። ከሕንፃው አረጋውያን አንዱ ታሞ ይሆናል ብሎ አሰበ። ዕለቱ የተገጣጠመለት መሰለው።

«ቅዱሳን፣ አሁን ዓይኔ ሥር አምቡላንስ አለ። ለማን እንደ መጣ አናውቅም፤ ጌታ ግን ያውቃል። ደቀ መዝሙር አያልፍም፤ ይቆማል። ለዚህ ለማናውቀው ሰው ድምፃችንን...»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። የአምቡላንሱ ሠራተኞች ወደ እሱ መኪና እየሮጡ ነበር። አንዱ የጎኑን በር ስቦ ከፈተ። ሌላው ብርድ ልብሱን ገለጠ፤ ብርድ ልብሱ በቀላሉ አልተነሣም፤ ረጥቦ ከብዷል። ቀለሙ ጥቁር ቀይ ስለ ነበር እስከዚያች ቅጽበት ምንም አይታይበትም ነበር። ከመቀመጫው ሥር የተጠራቀመው ደም በበሩ ደረጃ ላይ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ሰውየው በጣቱ ክንዳቸውን ተጫነ። ጓደኛውም አንገታቸውን ዳሰሰና ቀና ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ልዑልሰገድ መሪውን እንደ ያዘ ቀረ። አንደኛው ፖሊስ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ «ስልክህን ዝጋ» አለው። መስመሩ እስከዚያ ሰዓት ክፍት ነበር።

የሆነው በኋላ ታወቀ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ «እጄ ሞቀኝ» ሲሉ፣ የልዑልሰገድ ማዳመጫ የእሳቸውንም ድምፅ ይዞ ለሕዝቡ ሁሉ አስተላልፎታል። ውባንቺ የወዳጇን ድምፅ ለየች። ስለ ክንዳቸው ደም ስር ታውቅ ነበርና ምን እንደ ሆነ ወዲያው ገባት። በተዘጋ ስልክ ውስጥ ጮኸች፤ ማንም አልሰማትም። ለልዑልሰገድ ደወለች፤ ዘጋባት። ለፓስተሩ ደወለች፤ እሳቸውም ሞከሩ። 911 ደውላ መኪናው የት እንዳለ ስትጠየቅ «ቤልትዌይ ላይ» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም፤ ስለዚህ የወዳጇን ቤት አድራሻ ሰጠች። ሌሎችም ብዙዎች ሰምተዋል፤ ሊናገሩ ሞክረው አልቻሉም። የመስመሩ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር። ሐኪሙ በሰጠው ምስክርነት መኪናው ቆሞ ክንዳቸው በአንድ ጣት ቢጫን ኖሮ ወይዘሮ የሻሽወርቅ በሕይወት ይኖሩ ነበር።

ፓስተር ገብረየስ በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤው ፊት ቆመው የልዑልሰገድ ሹመት መሰረዙንና ከማናቸውም አገልግሎት መወገዱን አስታወቁ። «ነግሬው ነበር፤ ግን መፈጸሙን አልተከታተልሁም» አሉና የራሳቸውንም ድርሻ አልሸሸጉም። ድርጅቱ ከሥራ አሰናበተው። በጥበቃው ሥር ያለችን ሕመምተኛ ቸል ብሎ ለሞት በማድረስ ተከሰሰ። መስመሩ ሁልጊዜ ይቀዳ ነበርና፣ በችሎቱ የጸሎቱ ቅጂ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሰማ፤ አስተርጓሚዋም እያንዳንዱን ቃል፣ ጸሎቱንም ጨምሮ፣ በእንግሊዝኛ አሰማች። «እሺ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ አቋረጠች፤ ዳኛዋም የምትጠጣው ውኃ አስመጡላት። ሉባባና ውባንቺ መስክረው ነበር። ልዑልሰገድ የሚናገረው እንዳለው ሲጠየቅ ተነሥቶ ቆመ፤ አፉን ከፈተ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያውቀው ድምፅ ግን አልወጣለትም።

ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ የአምስት ዓመት እስራት ፈረደበት፤ ዳግመኛም ሕመምተኛ እንዳያጓጉዝ ለዘለቄታው ተከለከለ። በዚያው ዕለት እጁ በካቴና ታስሮ ተወሰደ። ቅጣቱን በሜሪላንድ እስር ቤት በመፈጸም ላይ ይገኛል።